ኢታኒየም ከሊኑክስ ከርነል እንዴት ተባረረ? አንድ የጉዳይ ጥናት

ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጫንበት ነፍስ ይዘራል የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም፣ እኔም ለስንቱ ሰው ብያለሁ። ግን ሊኑክስ ራሱ ያንን አሮጌ ሃርድዌር እስከመቼ ነው የሚደግፈው? ማነው ይበቃል የሚለው? ሲባልስ ነገሩ እንዴት ነው የሚሄደው? ይሄን ብዙም ሰው አያወራውም፣ ስለዚህ ዛሬ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ከስሩ ላውራችሁ፣ የኢንቴል ኢታኒየም ፕሮሰሰር ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሙን ከሚያገናኘው የሊኑክስ እምብርት፣ የወጣበትን። ኢታኒየም ያለው ማሽን ኖሮኝ አይደለም፣ በዓይኔም አይቼው አላውቅም፣ የመረጥኩት ክርክሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአደባባይ ስለተካሄደ ነው፣ ማን ምን ምክንያት እንዳቀረበ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደባልቁት።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደነበር። ኢንቴልና ኤችፒ በ1994 አብረን እንስራ ብለው ተስማሙ። ሃሳቡ እንዲህ ነው፣ የለመድነው ፕሮሰሰር ፕሮግራሙን እያስኬደ በዛው ቅጽበት የትኛውን ትዕዛዝ ከየትኛው ጎን ለጎን ላስኪድ እያለ ራሱ ሲያሰላ ይውላል፣ ለዚህ ስራ ብቻ ብዙ ትራንዚስተርና ብዙ መብራት ይበላል፣ ታዲያ ይሄን ስሌት ለምን ኮምፓይለሩ፣ ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ቀድሞ ተረጋግቶ ጨርሶ ሶስት ሶስት ትዕዛዝ አንድ ላይ አስሮ አያስረክበውም አሉ። አንዱ እስር 128 ቢት ነው፣ ውስጡ 41 41 ቢት የሆኑ ሶስት ትዕዛዞች አሉ፣ የምትተርፈው 5 ቢት ደግሞ የትኛው ትዕዛዝ ወደየትኛው የፕሮሰሰሩ ክፍል እንደሚሄድ ትናገራለች። ሬጅስተሩም፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰራበትን ቁጥር የሚይዝበት ትንሽ ማስቀመጫ፣ እንደ ጉድ ነው፣ 128 ለሙሉ ቁጥር 128 ለነጥባዊ ቁጥር። ወረቀት ላይ ስታዩት በጣም ያምራል። ግን ኮምፓይለር ነብይ አይደለም፣ አንድ ዳታ ከሜሞሪ ቶሎ ይደርሳል ወይ ይዘገያል የሚለውን ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ማወቅ አይችልም፣ እና ያ ተስፋ የተጣለበት ሁሉን የሚያስተካክል ኮምፓይለር በሚፈለገው ደረጃ ሳይመጣ ቀረ። የመጀመሪያው ቺፕ በ2001 ዘግይቶ ወጣ፣ ሁለተኛው በ2002 ተሻሽሎ መጣ፣ በኤፕሪል 2003 ኤኤምዲ የድሮውን 32 ቢት ፕሮግራም በሙሉ ፍጥነት የሚያስኬድ 64 ቢት ፕሮሰሰር ኦፕቴሮንን አወጣ፣ በ2004 ኢንቴል ራሱ የኤኤምዲን መንገድ ተከተለ፣ በቃ በገበያ በኩል ነገሩ ያኔ ነው ያለቀው፣ ቀሪው ሃያ ዓመት ግድም የመልስ ጉዞ ነው።

ሊኑክስ ግን ከማሽኑ ቀድሞ ነው የደረሰው። ቺፑ ገና በእጅ ሳይገባ ኤችፒ ውስጥ ያሉ ሰዎች በ1998 ፖርቱን፣ ሊኑክስን ለዛ ፕሮሰሰር የማስማማቱን ስራ፣ ጀመሩት፣ ቀጥሎ ኢንቴል፣ አይቢኤም፣ ኤስጂአይ፣ ሬድ ሃት፣ ሱዜ፣ ሰርን ሳይቀሩ ትሪሊያን በሚባል ፕሮጀክት ስር ተሰበሰቡ፣ ኮዱ በፌብሯሪ 2000 ለህዝብ ተለቀቀ። ቺፕ ሳይኖር ከርነሉን ምን ላይ ነው የሞከሩት ካላችሁ ኤችፒ ስኪ የሚባል ሲሙሌተር ነበረው፣ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ኢታኒየምን የሚያስመስል። ስኪ የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ይፈላበታል።

ያኔ ቀልድ አልነበረም። በ2004 ናሳ ኮሎምቢያ የሚባል ሱፐርኮምፒውተር ተከለ፣ የኤስጂአይ አልቲክስ ማሽኖች ናቸው፣ 10,240 ኢታኒየም 2 ፕሮሰሰር ነበረው፣ የሚሰራውም በሊኑክስ ነው፣ በዛ ዓመት ኖቬምበር በወጣው የዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ሁለተኛ ሆነ።

አሁን ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ይሄ ለኔ የታሪኩ ምርጥ ቦታ ነው። ኮምፒውተራችሁን ስታበሩ ድሮ ባዮስ የነበረውን ቦታ የያዘው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ፈርምዌር አባቱ ኢኤፍአይ ነው፣ ኢኤፍአይ ደግሞ መጀመሪያ የተሰራው ለኢታኒየም ነው። ዲስካችሁ የተከፋፈለበት ጂፒቲ የሚባለው አሰራርም ከዛው ሰፈር ነው የመጣው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲኮምፓይል ፈንክሽኖቹ የሚሰየሙበትና ክላሶቹ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጡበት ደንብ እስከዛሬ የኢታኒየም ደንብ ነው የሚባለው፣ ጂሲሲና ክላንግ የሚባሉት ኮምፓይለሮች ሁለቱም ይከተሉታል። ማሽኑ የለም፣ ደንቡ ግን በየቤቱ አለ።

ከዛ አንድ በአንድ መውጣት ተጀመረ። ሊኑክስን አሰናድቶ ለድርጅቶች የሚሸጠው ሬድ ሃት በ2009 መጨረሻ ላይ ቀጣዩ ቨርዥን ኢታኒየምን እንደማይደግፍ ተናገረ። ማይክሮሶፍት በኤፕሪል 2010 ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 የመጨረሻው ነው አለ። ኦራክል በማርች 2011 ሶፍትዌር አልሰራለትም ሲል ኤችፒ ፍርድ ቤት ገተረው፣ በ2016 ጁሪው፣ ከህዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ለኤችፒ 3 ቢሊዮን ዶላር ፈረዱለት። በዛ ክስ ሂደት ነው እንግዲህ ኤችፒ ለኢንቴል በሁለት ውል 690 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ቺፑ እስከ 2017 እንዲመረት ማድረጉ አደባባይ የወጣው። ስድስት መቶ ዘጠና ሚሊዮን! አንድ ፕሮሰሰር እንዳይሞት የኦክስጅን ሂሳብ ማለት ነው። ታዋቂው የሊኑክስ ስርጭት ዴቢያን በ2015 ባወጣው ቨርዥን 8 ላይ ኢታኒየምን ከኦፊሴላዊ ዝርዝሩ አስወጣው፣ ከዛ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቆየ። የመጨረሻው ቺፕ በ2017 ወጣ፣ ኢንቴል በጃንዋሪ 2019 ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፣ የመጨረሻ ማስረከቢያ ቀን ጁላይ 29 2021 ተባለ።

እስካሁን ያወራሁት የድርጅቶች ነገር ነው። ሊኑክስ ውስጥ ግን ድርጅት ጥሎት ሄደ ማለት ድጋፍ አለቀ ማለት አይደለም፣ ድርጅት ከተዋቸው ሰላሳ ዓመት ግድም የሆናቸው ማሽኖች እስከዛሬ አዲስ ከርነል ያስኬዳሉ፣ ቆይቼ አመጣዋለሁ። ወሳኙ ነገር ማነው የሚይዘው ነው። በሊኑክስ ከርነል ሶርስ ኮድ ውስጥ ሜንቴይነርስ የሚባል ፋይል አለ፣ እያንዳንዱ ክፍል በማን ኃላፊነት እንዳለ ተጽፏል። የኢታኒየም ክፍል ለረጅም ጊዜ የኢንቴል ሰዎች ስም ነበረበት። በ2021 መጀመሪያ፣ ከርነል 5.11 ሊወጣ ሲል፣ ስማቸው ወጣና ክፍሉ ያዥ የሌለው ተብሎ ተመዘገበ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ነው ያን ለውጥ ያስገባው፣ ኤችፒ አዲስ ትዕዛዝ እየተቀበለ እንዳልሆነ ኢንቴልም ካቆመ ዓመት እንዳለፈው ጠቅሶ ሞቷል ብሎ ጻፈ። ኮዱን ግን አላጠፋውም! ይሄ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን ዝም ብሎ ቁጭ አለ፣ እኔ ልያዘው የሚል ሰው ቢመጣ በሩ ክፍት ነበር።

ታዲያ ኮዱ እዛ ቢቀመጥ ማንን ጎዳ? ይሄን ጥያቄ ሁሌ ነው የምሰማው፣ ዲስክ አልሞላባቸው፣ የማይፈልገው አይጠቀመው፣ ምን አለበት ቢተዉት? ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነሉ በየሁለት ወር ከምናምኑ አዲስ ሪሊዝ ያወጣል፣ በየሪሊዙ ደግሞ መሰረታዊ ነገሮች ይቀየራሉ፣ ለምሳሌ አንድ ሰው የሜሞሪ አያያዙን ላሻሽል ብሎ ሲነሳ በእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ፎልደር ውስጥ እየገባ ሃያ ግድም ቦታ ማስተካከል አለበት። ማሽኑ ያላቸው ሰዎች ካሉ ይሞክሩለታል፣ ሰርቷል ወይ ተበላሽቷል ይሉታል። ከሌሉ በጭፍን ጽፎ ያልፋል፣ ተሳስቶ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅ ሌላውም አያውቅ። እድር ውስጥ ስሙ መዝገብ ላይ ያለ ግን መዋጮ የማይከፍል ድንኳን ሲተከልም ብቅ የማይል አባል አስቡ፣ እሱ ምንም አላደረገም፣ ግን ለሱም ወንበር ይቆጠራል ለሱም ስብሰባ ይጠራል። ኢታኒየም ደግሞ ቀላል አባል አልነበረም። ከሌሎቹ በብዙ ነገር ይለያል፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ ትሬድ፣ ማለትም እየሮጠ ያለ የስራ መስመር፣ ሁለት ስታክ፣ ማለትም ጊዜያዊ የሜሞሪ ቦታ፣ ነው ያለው፣ አንዱ የተለመደው አንዱ ደግሞ ሬጅስተሮች ሲሞሉ የሚገለበጡበት፣ ስለዚህ ሁሉም ጋር ስታክ አንድ ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ እሱ ጋ ሲደርስ ልዩ አስተያየት ይፈልጋል።

ይሄ ሸክም መጨረሻ ላይ ያረፈው ማን ላይ መሰላችሁ? አርድ ቢስሄቨል ላይ፣ በከርነሉ ውስጥ የኢኤፍአይን ክፍል የሚይዘው ሰው። አያችሁ ጨዋታውን፣ ኢኤፍአይ ለኢታኒየም ተወለደ፣ ዓለምን አዳረሰ፣ ከዛ ዞሮ የኢኤፍአይ ያዥ ኢታኒየም ስራ እያስፈታኝ ነው አለ። ምክንያቱም ሊኑክስ ኢታኒየም ላይ ኢኤፍአይን የሚጠቀምበት መንገድ የመጀመሪያው ስለሆነ ከኋላ ከመጡት ከነአርም ከነኤክስ86 በጣም ይለያል፣ አንድ ነገር በነካ ቁጥር እሱንም ማሰብ አለበት፣ ግን የሚሞክርበት ማሽን የለውም። ኢንቴል ራሱ ለፈርምዌር ሰሪዎች ከሚያቀርበው የኢኤፍአይ ኮድ ውስጥ ኢታኒየምን ያወጣው በ2018 ነው፣ የወለደው አባት ከካደው አምስት ዓመት አልፎ ነው ቢስሄቨል የተነሳው፣ ቸኮለ አይባልም።

በ2023 መጀመሪያ ላይ በቅድሚያ ጥያቄ ነው ያቀረበው፣ የሚጠቀምበት ሰው አለ ወይ ብሎ። መልሱ የሚገርም አይደለም፣ ስራ ላይ ያሉት የኢታኒየም ማሽኖች በአብዛኛው ኤችፒ ዩኤክስ ወይም ኦፕንቪኤምኤስ የሚባሉ ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ነው የሚያስኬዱት፣ ሊኑክስ ያለባቸው የአፍቃሪዎች ናቸው፣ አልፎ አልፎ አዲስ ከርነል አስነስተው ይሰራል አይሰራም ብለው የሚያዩ። አንዳንዶቹ ለሌሎች ፕሮጀክቶች መሞከሪያ ይጠቅማል ብለው ተከራከሩ፣ በእንደዚህ ዓይነት ለየት ያለ ማሽን ላይ ፕሮግራም ሲኮምፓይል ሌላ ቦታ የተደበቀ ስህተት ይወጣል ነው ክርክራቸው፣ እውነትም ይወጣል። ቢስሄቨል ግን ይሄን አልካደም፣ የሚለው ሊጠቅም ይችላል አይደለም፣ ዛሬ በእውን እየጠቀመ ያለው ማንን ነው ነው፣ ጥቅሙ የሃሳብ ነው ጉልበቱ ግን የእውነት ነው የሚወጣው ብሎ ዘጋው።

ክርክሩ ውስጥ የኔን ልብ የነካው አንድ ነጥብ ነው። ቢስሄቨል ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኢሙሌተር፣ ማለትም ሌላ ማሽንን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ እንደልብ ስለሌለ ተራ የከርነል ሰራተኛ ኢታኒየምን አስነስቶ መሞከር አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው፣ ዛሬ የከርነል ሰው ማሽኑ የሌለውን ፕሮሰሰር ሁሉ የሚሞክረው ኪውኢሙ በሚባል ኢሙሌተር ነው፣ ኪውኢሙ ደግሞ ኢታኒየምን አያስመስልም። ቆይ ግን ስኪስ? ስኪ እኮ ነበር! ከቺፑ በፊት የነበረ ሲሙሌተር፣ ሶርስ ኮዱም የተለቀቀ። ምን ሆነ ካላችሁ በ2019፣ ከርነል 5.4 ላይ፣ ኢታኒየም ፎልደር ሲጸዳ ስኪ ላይ መነሳት የሚያስችለው ኮድ ማንም አይጠቀምበትም ተብሎ ወጣ፣ ያ የናሳው ዓይነት የአልቲክስ ማሽኖች ኮድም አብሮ በዛው ተጠረገ። ያን ጊዜ ትክክለኛ ጽዳት ነው የሚመስለው፣ ማንም አልጮኸም። አራት ዓመት ቆይቶ ግን ያ የተወረወረ ነገር የሚሞከርበት የለም የሚል ማስረጃ ሆኖ መጣ። በኔ እይታ ኢታኒየም ሊኑክስ ውስጥ የሞተው በ2023 አይደለም፣ በ2019 ያቺ ሲሙሌተር ስትወጣ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ቀብሩ ነው።

ውሳኔው ራሱ ግን ጭካኔ አልነበረበትም፣ እንዲያውም ልማር የሚል ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። ዴቢያን ውስጥ ኢታኒየምን የሚይዘው ሰው አንድ ሃሳብ አቀረበ፣ ማውጣቱ ካልቀረ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚያገኘው ቀጣዩ ሪሊዝ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ ቢያንስ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ አንድ ከርነል ይቅርልን አለ። ተስማሙ። 6.6 በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ኢታኒየምን እንደያዘ ወጣ፣ ወዲያው ለ6.7 በሩ ሲከፈት ማውጫው ፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ ገባ፣ ከ65 ሺህ መስመር በላይ ኮድ በአንዴ ተነቀለ፣ 6.7 ጃንዋሪ 7 2024 ያለ ኢታኒየም ወጣ። በፓቹ መግለጫ ላይ ደግሞ ሌሎቹም ተራቸውን ጠብቀው ይከተላሉ ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ እንደተባለውም በዛው ወር መጨረሻ የወጣው ጂሊብሲ 2.39፣ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሰረታዊ ላይብረሪ፣ ኢታኒየምን ጣለው፣ ጂሲሲ 14 በቀጣዩ ሊወጣ ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት፣ ጄንቱ የሚባለው የሊኑክስ ስርጭትም በኦገስት 2024 ተሰናበተ።

አሁን ያልኳችሁን ላምጣ፣ ስለ ሰላሳ ዓመቱ። ሞቶሮላ 68000 የሚባለው ቺፕ የ1979 ነው፣ የዛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው በነአሚጋ፣ በነአታሪ፣ በድሮዎቹ ማኪንቶሾች ውስጥ ያሉት። ሊኑክስ እዛ ላይ መስራት የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ እና እስከዛሬ ዋናው ከርነል ውስጥ አለ! 690 ሚሊዮን አልተከፈለለት። ዴቢያን ከኦፊሴላዊ ዝርዝሩ ያወጣው ከኢታኒየም ስምንት ዓመት ቀድሞ በ2007 ነው። ኢታኒየም ሄዶ እሱ የቀረው በምንድነው?

አንደኛ ያዥ አለው። ኼርት አይተርሁቨን የሚባል ቤልጂየማዊ የከርነል ሰው ለብዙ ዓመት ይዞታል፣ ፓች ሲላክ መልስ ይሰጣል፣ ሰው ሲያበላሽበት ወዲያው ይናገራል። ይሄ ብቻውን ግማሽ ስራ ነው። በ2019 ደግሞ ትልቅ ፈተና መጣ፣ ጂሲሲ ውስጥ አንድ በጣም የቆየ የውስጥ አሰራር ይወገድ ተባለ፣ እሱን የሚጠቀሙ ፕሮሰሰሮች በአዲሱ መንገድ ካልተጻፉ በጂሲሲ 11 ይወጣሉ የሚል ቀነ ገደብ ተቀመጠ፣ 68ሺውም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ኮምፓይለር የሌለው ፕሮሰሰር ምን ከርነል ኖረው ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉ ነገር ሊቆም ነው። የአሚጋና የአታሪ ወዳጆች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ አላለቀሱም፣ ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ይሄን ለሚሰራ ሽልማት ብለው አስቀመጡ፣ አንድ የጂሲሲ ባለሙያ በዛው ዓመት ሰርቶ አስረከበ፣ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ። በ2021 ደግሞ ሁለት ነገር አከታትለው አገኙ፣ ኪውኢሙ ውስጥ ለነሱ ፕሮሰሰር ቀለል ያለ ሰው ሰራሽ ማሽን ገባ፣ ስለዚህ አሚጋ አይቶ የማያውቅ የከርነል ሰው ላፕቶፑ ላይ በደቂቃ አስነስቶ ይሞክራል፣ ኤልኤልቪኤም በሚባለው ብዙ ኮምፓይለሮች በሚሰሩበት መሰረት ውስጥም የሙከራ ድጋፍ ገባላቸው።

የኤልኤልቪኤሟ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። በፌብሯሪ 2021 ክሪፕቶግራፊ የሚባለው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የፓይተን ላይብረሪ ከፊሉን በረስት ቋንቋ ጽፎ አወጣ፣ ረስት የሚሰራው ደግሞ በኤልኤልቪኤም ነው፣ ያን ቀን ኤልኤልቪኤም የሌላቸው ፕሮሰሰሮች ሁሉ በአንድ አፕዴት የፓይተን ነገራቸው ተሰበረ። ኢታኒየም ከነሱ አንዱ ነው፣ ኤልኤልቪኤም ውስጥ የነበረው የኢታኒየም ክፍል ሰው አጥቶ የወጣው በ2009 ነው። ስለዚህ ከርነሉ ውስጥ እንዲቆይ ቢደረግ እንኳ በላዩ የሚሮጠው ነገር እየተመናመነ ነበር፣ ከርነሉን የሚወቅሱ ሰዎች ይሄን ረስተው ነው።

እድሜ ቢሆን ወሳኙ የ1979ኙ ቀድሞ ይሄድ ነበር፣ የ2001ዱ ይቀር ነበር። የተጠቃሚ ብዛትም አይደለም፣ አሚጋ ላይ አዲስ ከርነል የሚያስኬደው ሰው ከተማ አይሞላም። ዋጋም አይደለም። ማሽኑን ይዞ ለኢሜይል መልስ የሚሰጥ ሰው አለ ወይ፣ ማሽኑ የሌለውስ ሰው በምን ይሞክራል፣ ሁለቱ ናቸው። ኢታኒየም የኩባንያ ልጅ ስለነበር ሁለቱንም ኩባንያ ያደርገዋል ተብሎ ታሰበ፣ ኩባንያው ሲሄድ ሁለቱም አብረው ሄዱ። 68ሺው ከመጀመሪያውም የአፍቃሪ እጅ ላይ ነው ያደገው፣ የሚጥለው ኩባንያ አልነበረውም።

ከወጣ በኋላስ? እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚገርመው። ማውጣቱ ላይ ቅሬታ ሲቀርብ ሊነስ የመለሰው መልስ በሩን አልዘጋም፣ አሁን ወዲያው አይሆንም፣ ግን ከዋናው ከርነል ውጪ ዓመት ያህል ይዛችሁ አቆዩት፣ ኮምፓይለሩም ላይብረሪውም በህይወት ካለ፣ ሌላውን የከርነል ክፍል የማያስቸግር ከሆነ፣ ያኔ መጥታችሁ እንነጋገር አለ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ቃሉን ይዘው ገቡበት። የወጣውን ኮድ እንደገና በራሳቸው ሪፖዚተሪ አስገብተው አዲስ ከርነል በወጣ ቁጥር እላዩ ላይ እያስማሙ ይሄዳሉ፣ ስኪንም ከተጣለበት አንስተው መሞከሪያ አደረጉት፣ ያ በ2019 ማንም አይጠቀምበትም የተባለው! የጂሊብሲውንም ፓች ራሳቸው ተሸከሙ። ኤችፒ ኢንቴግሪቲ የሚባሉት ሰርቨሮች፣ ድምጻቸው እንደ ወፍጮ ቤት ነው ይባላል፣ ሰው ምድር ቤት ውስጥ አሉ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መጣ፣ ጂሲሲ 15 ኢታኒየምን ሊያወጣ ነው ተብሎ ሲጠበቅ አንድ ሰው እኔ እይዘዋለሁ ብሎ ቀረበ፣ ማስጠንቀቂያው ተነሳ፣ ጂሲሲ 15 በኤፕሪል 2025 ኢታኒየምን እንደያዘ ወጣ። አንድ ሰው ነው ያን ያደረገው።

ዋናው ከርነል ግን እስካሁን አልመለሰውም፣ እውነቱን ለመናገር የሚመልሰውም አይመስለኝም። ያው ማውጣቱ ልክ ነበር ብዬ ነው የማምነው፣ የሚሞክረው የሌለ 65 ሺህ መስመር ኮድ የሚሰራ ከሚመስል የማይሰራ ኮድ በምን ይለያል? ተጠቃሚውን ራሱ ነው የሚያታልለው። ግን ሜንቴይነሩ በ2021 ሲወጣ እነዚህ ዛሬ የምናያቸው ሰዎች ያኔ ስማቸውን አስገብተው ስኪን መልሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ውስጥ በነበረ፣ የመመለስ ድካም ከመቆየት ድካም እጅግ ይበልጣል።

ኢታኒየም ለኛ ምን ያደርግልናል ለምትሉ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2012 መጨረሻ 386 የሚባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከከርነሉ ወጣ፣ ሊኑክስ የተጻፈበት ፕሮሰሰር እኮ ነው፣ ሊነስ ምንም ቅር አላለውም። በ2022 ደግሞ 486 የሙዚየም እቃ ነው ሙዚየም ያለ ሰው የሙዚየም ከርነል ያስኪድ የሚል ነገር ተናገረ፣ በኤፕሪል 2025 የከርነል ሰራተኛው ኢንጎ ሞልናር 486ንና የመጀመሪያዎቹን የፔንቲየም ዘመን ቺፖች የሚያስወጣ ፓች ላከ። ይሄ ምናልባት ማንንም አይነካም። የሚነካን የሚከተለው ነው፣ ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ሲወጣ ለ32 ቢት ኢንቴል ማሽን የሚሆን ከርነልም ኢንስቶለርም የለውም፣ የቀሩት 32 ቢት ፓኬጆች 64 ቢት ማሽን ላይ ለሚሮጥ የድሮ ፕሮግራም ናቸው። አገር ቤት ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ፣ ጽህፈት ቤት ጥግ፣ ኢንተርኔት ካፌ ጓዳ 32 ቢት ፔንቲየም 4 ዛሬም አይጠፋም፣ እርዳታ ተብሎ በኮንቴነር የመጣ ስንት አለ። ዴቢያን 12 ከሆነ ያለባችሁ ወደ 13 አፕግሬድ እንዳትሉት፣ እዛው ተቀመጡ። ከዛ በፊት ግን ፕሮሰሰሩ በእርግጥ 32 ቢት መሆኑን እዩ፣ ተርሚናል ላይ ኤልኤስሲፒዩ ብላችሁ ስትጠይቁት 64 ቢትም እችላለሁ የሚል ማሽን ላይ 32 ቢት ሲስተም ተጭኖ ያለበት ብዙ ነው፣ በተለይ ከ2006 በኋላ የመጡት፣ እነሱ ምንም ችግር የለባቸውም፣ 64 ቢቱን አዲስ መጫን ነው፣ ራም ብቻ ይበቃ እንደሆነ ማየት።

እውነተኛ 32 ቢት ይዛችሁ ይሄ ማሽን እንዳይጣል የምትሉ ደግሞ ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅባችሁም። ከርነሉ ሊወጣ ሲል በየሳምንቱ የሚለቀቀውን የሙከራ ቨርዥን አስነሱት፣ ኮምፓይሉን ፈጠን ያለ ሌላ ማሽን ላይ ስሩት እንጂ አሮጌው ላይ አትልፉ፣ ካልተነሳ ኔትዎርክ ካልሰራ ዲሜስጅ የሚባለው ትዕዛዝ የሚያወጣውን የከርነሉን መልእክት እንዳለ ይዛችሁ የክፍሉ ያዥ ለሆነው ሰው ላኩ፣ የማን እንደሆነ ሜንቴይነርስ ፋይል ላይ አለ። የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው ማግኘት ከቻላችሁማ፣ ጊት ባይሴክት የሚባለው መሳሪያ የለውጦቹን ዝርዝር መሃል መሃሉን እየቆረጠ ያደርስላችኋል፣ ያዡ እጅ ነስቶ ነው የሚቀበላችሁ። እና ሲስተካከል ፓቹን ሞክራችሁ ሰርቷል ካላችሁ ቴስትድ ባይ ተብሎ ስማችሁ ከለውጡ ስር ይገባል፣ ቀጥሎ ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር ሲነሳ ሰዎች ከሚያገላብጡት አንዱ እሱ መስመር ነው።